ለአዲስ ሰው የተተወ ስህተት

ባሌ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰዎች ይህን እንደ ምርቃት ይቆጥሩልኛል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ አንቺ ዕድለኛ ነሽ" ትለኛለች። እሷ ምን አለባት፣ አብራው አትኖር። እኔ ግን እነግራችኋለሁ፤ ማን ያውራ የነበረ። ባሌ ለእኔ ዝም የሚለው ቃል ስለሌለው አይደለም። ቃሉን ሌላ ቦታ አፍስሶ ጨርሶ ስለሚመጣ ነው።

ሥራው የሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊነት ነው። መጋዘኑ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነው። መስኮቱ የሽቦ መረብ አለው፤ ጥግ ላይ አንድ ማቀዝቀዣ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ባሌ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲያልፍ፣ የተኙትን ካርቶኖች እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስላል። የመጋዘን ሰው ትልቁ ራስ ምታት ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት ነው። አዲሱ ካርቶን ከፊት ይደረደርና ይወጣል፤ አሮጌው ከኋላ ተረስቶ ይቀራል፤ አንድ ቀን ሲገኝ ጊዜው አልፎበት ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። በአንድ በር ሰው መድኃኒት አጥቶ ሲመለስ በሌላው በር መድኃኒት ተሸክሞ ማቃጠል፣ ምራቁን የዋጠ ሰውንም ያስለቅሳል።

ይህ ነገር ሲከነክነው ኖረና ለብቻው ኮምፒውተር ተማረ። ያስተማረው ሰው የለም፤ ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት እየለቀመ ነው። ከዚያም አንድ ፕሮግራም ጻፈ። የትኛው ካርቶን ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ያስታውሳል፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን በቀይ ያሳያል። ስሙን "ዘበኛ" አለው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደግ ነው፤ እኔም ኮርቼበታለሁ። ችግሩ የመጣው ዘበኛን በነጻ ለዓለም ሲለቀው ነው። ኮዱን ማንም ሊያየው፣ ማንም ሊወስደው፣ ማንም ሊያሻሽለው በሚችልበት የኢንተርኔት አደባባይ ላይ እንደ እህል አሰጣው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩት ያኔ። ሳቀ። ያኔ ገና ከእኔ ጋር ይስቅ ነበር።

ሰዎች መጡ። መጀመሪያ በባሕር መካከል ካለች ደሴት አንዲት ፋርማሲስት መጣች። ቀጥሎ በረዶ ከሚወርድበት አገር አንድ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ። ከዚያ ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የመጋዘን ሰዎች፣ ከየአገሩ። አንዱ ስህተት አግኝቶ ይጽፋል፣ ሌላው ያስተካክለዋል፣ ሌላው ወደ አገሩ ቋንቋ ይመልሰዋል። ማንም ለማንም አይከፍልም። የተስተካከለውን ሁሉ አይቶ "ይግባ" ብሎ የሚያጸድቀው ግን ባሌ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ እሱ ይጽፋል፣ እሱም ለሁሉም ይመልሳል። ከሥራ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ እራት ይቀርባል፣ ላፕቶፑ ከሳህኑ ጎን ይከፈታል። መተየብ ሲጀምር ያ ቀኑን ሙሉ የተቋጠረ ግንባሩ ይፈታል። አንዳንዴ ፈገግ ይላል። ባሏ ስክሪን ላይ ፈገግ ሲል አይታ የምታውቅ ሴት የምለው ይገባታል።

ሌላ ሴት ብትሆን መላ አላጣም ነበር። ማን እንደሆነች አጠያይቃለሁ፣ በሯን አንኳኳለሁ፣ የምናገረውን እናገራለሁ። ይህቺ ዘበኛ የምትባለው ግን በር የላትም፣ ፊት የላትም፣ የምነጨው ፀጉር እንኳ የላትም። ስለዚህ ስም አወጣሁላትና "ጣውንቴ" አልኳት። እሱ ሲገባ "ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" እለዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ ከልቡ መመለስ ጀመረ። "ደህና ናት፤ ዛሬ አዲስ ሰው መጥቷል" ይለኛል፣ እንደ ቤተሰብ ወሬ።

እኔ ነርስ ነኝ። በምሠራበት ጤና ጣቢያም ዘበኛ ተጭኗል። ስለዚህ ቀን ከጣውንቴ ጋር እውላለሁ፣ ማታ ከባሏ ጋር እራት እበላለሁ። ይህች ጣውንት ደግሞ ለእኔ የሚብስ አንድ አመል አለባት። የተከፈተ ካርቶን ስመዘግብ፣ የቀረውን ብዛት አስገብቼ ስጫን፣ ገጹ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመድኃኒቱን ስም እንደገና መፈለግ አለብኝ። በጤና ጣቢያ ደግሞ የተከፈተ ካርቶን የማይኖርበት ቀን የለም። ወረፋው በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ እኔ ያንኑ ስም ደግሜ ደጋግሜ እተይባለሁ።

አንድ ማታ እራት ላይ ይህን ነገርኩት። "አውቀዋለሁ" አለኝ።

ካወቀው ለምን እንደማያስተካክለው ጠየቅኩት። ነገሩ ቀላል እንደሆነ፣ አንድ መስመር ብቻ መቀየር እንደሆነ ነገረኝና "ለአዲስ ሰው ነው የተውኩት" አለ።

አልገባኝም። ስለ ጣውንቴ ሲሆን ዝምተኛነቱ ይጠፋልና በደንብ አስረዳኝ። አዲስ ሰው ሊያግዝ ሲመጣ የቀረው ሥራ ሁሉ ከባድ ከሆነ ይፈራና ይሄዳል። ስለዚህ ቀላል ቀላሉ ስህተት ሆን ተብሎ ይተዋል፤ "ለአዲስ ሰው" የሚል ምልክት ይደረግበታል። ነባሮቹ እያዩት ያልፋሉ፣ አይነኩትም። አዲሱ ሰው ያስተካክለዋል፣ ስሙ ከሌሎቹ ስም ጋር ሲጻፍ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይቆያል። ተሠርቶ ያለቀ ቤት የሚመጣለት እንግዳ ነው አለኝ፤ አንድ ግድግዳ ሳይለሰን ከቀረ ግን ጎረቤት ይመጣል። ይህን ሁሉ ሲናገር እራቱ ቀዘቀዘ።

 የእኔ ጣት ሲደክምበት የሚውለውን ነገር፣ ገና ላልመጣ፣ ስሙ ለማይታወቅ እንግዳ አስቀምጦለታል። እኔስ ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ ምንም ክፋት በሌለው ፊት፣ ቅሬታዬን እንደ ማንኛውም ሰው አደባባዩ ላይ እንድጽፈው ነገረኝ። እዚያ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው፤ በጓዳ በር የመጣ አቤቱታ ከተቀበለ ለሌሎቹ ልክ አይሆንም። የገዛ ሚስቱን ወረፋ ያዢ አላት ማለት ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እሰማ ነበር፤ ቀጋው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ እራት ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን ነው የሥራው ነገር የመጣው። የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ከሚርቅ ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ እንድሆን ተጠየቅኩ። ሥልጠና አለው፣ ለሁለት ዓመት እዚያ መኖር ነው። መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ማሳወቅ ነበረብኝ። ይህ ሥራ ለስንት ጊዜ የተመኘሁት ነው። ሆኖም ግን ቤት ገብቼ ስነግረው የጠበቅኩት አንድ ቃል ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ፣ ወደ ሌላ ከተማ ልሄድ እችላለሁ አልኩት። "ጥሩ ነው፤ ይጠቅምሻል" አለ። ዓይኑ ከስክሪኑ አልተነሳም።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አትሂጂ እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። ቢለኝ እቀራለሁ ማለት አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻ እንዲለኝ ፈለግኩ።

እህቴ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። እህቴ በሰው ለቅሶ መካከል ልብስ የምታጣጥፍ ሴት ናት። ወንድ ልጅ ቢወድም አይናገርም አለችኝ። ለእንግዳ ግን ይናገራል፣ ለእንግዳ ምላሱ ማር ነው አልኳት። ያጣጠፈችውን አንሶላ አስቀመጠችና "እንግዳ ሁኚበታ" አለችኝ። የቀለደች መሰላት። እኔ ግን ዓይኔን ጠረግኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ፣ አደባባዩ ላይ ገባሁ። ስም አምጪ ሲለኝ "መርፌ" አልኩ። ነርስ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፤ ደግሞ ልወጋው ነበር የመጣሁት። እዚያ የሚጻፈው የማንም ባልሆነ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም እኩል ይኮላተፋል፣ ሚስት ከባዕድ አትለይም። ሴት ነርስ መሆኔን ገልጬ ጨክኜ ጻፍኩ። የዚህ ፕሮግራም ሠሪ በወረፋ ሰዓት የተከፈተ ካርቶን መዝግቦ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ቢያውቅ ኖሮ ያፍር ነበር አልኩ።

ማታ እኔ ሳህን ሳጥብ እሱ አነበበው። በጓዳው በር በኩል ሳየው ፊቱ በራ። ተሰደበ እኮ ነው የምላችሁ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ መኝታ ቤት ገባሁና ስልኬ ላይ መልሱን አነበብኩ። በእኛ ቋንቋ ሲመለስ በአንቱታ ነው የሚሆነው። "እንኳን ደህና መጡ። ቅሬታዎ ትክክል ነው። ያን ሁሉ ታካሚ አቁመው አንድን ስም ደጋግሞ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክምዎ ይገባኛል። ከሥራዎ ላይ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልን አመሰግናለሁ" ይላል።

ይገባኛል ይላል። ለእኔ "አውቀዋለሁ" ነበር ያለው፣ እሱንም እያላመጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መልሱን ደግሜ አነበብኩትና መርፌ የምትባለውን ሴት ከልቤ ጠላኋት።

በቀጣዩ መልእክት ስህተቱን ራሷ ማስተካከል ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። ኮድ አይቼ አላውቅም አለች። እሱ ደግሞ እኔም አላውቅም ነበር፣ አብረን እናየዋለን አላት። ከዚያ ወዲያ ምሳዬን በቆምኩበት እየጎረስኩ የምማር ሆንኩ። የትኛውን ፋይል እንደምከፍት፣ የትኛው መስመር ገጹን ወደ መጀመሪያው እንደሚመልሰው፣ ከቀየርኩ በኋላ እንዴት እንደምሞክረው አንድ በአንድ አሳየኝ። ስሳሳት "እዚህ ጋ ሁላችንም ተሳስተናል" ይለኛል። ደግሜ ስሳሳት የባሰ ይለሰልሳል። እኔ ሚስቱ የቤት ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ስረሳ ግን "ሁልጊዜ" ብሎ ነው የሚተነፍሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራልኝ። የተከፈተ ካርቶን መዘገብኩ፣ ተጫንኩ፣ ገጹ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሥራዬን አደባባዩ ላይ አቀረብኩ። ማታ እራት ላይ፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ባሌ አጸደቀልኝ። ስልኬ በጉያዬ ተንቀጠቀጠ። "መርፌ" የሚለው ስም ከእነዚያ ሁሉ ስሞች ጋር ተጻፈ። ጡረተኛው ከበረዶው መካከል እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ ደሴቲቱ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ጭብጨባ ላከችልኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቀና ስል ባሌ ፈገግ ብሏል። ምን እንደሚያስቀው ጠየቅኩት።

"አንዲት አዲስ ነርስ አለች" አለ። "ጎበዝ ናት።"

 አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እኔን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ምን ዓይነት ሰው ናት ብዬ ጠየቅኩ፣ ድምፄን እያለሰለስኩ። ቆጣ ትላለች፣ ግን የምትለው ልክ ነው አለ። ቆንጆ ናት ወይ አልኩት። እንዴት ላውቅ እችላለሁ ብሎ መለሰልኝ፤ ከመመለሱ በፊት ግን ትንሽ አሰበ። ያችን ትንሽ ማሰቡን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሌላ ሴት በሌላ ሴት ትቀናለች። እኔ ባልወለድኳት፣ በምሳ ሰዓት በፈጠርኳት ሴት ቀናሁ። መርፌ የምትናገረው ይሰማል፤ እኔ ያንኑ ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። መርፌ አንድ ቀን ሳትጽፍ ከዋለች "ደህና ነዎት?" የሚል መልእክት ይመጣላታል። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስተኛ ግን እሱ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ሌላኛው ክፍል የሚሄደው "እንዳልረብሽሽ" ብሎ ነው። የሚገርመው ነገር ደግሞ ቦታውን ወደድኩት። ከሌላ አገር የመጣች ነርስ ግራ ሲገባት እኔ መለስኩላት። አንዷ ሌላዋን ይዛ መጣች። ስለ ሥራችን የምናዋየው ሰው አግኝተን ለማናውቅ ሴቶች ይህ ብዙ ነበር። ቢሆንም ባሌ "መርፌ ከመጣች ወዲህ ነርሶች በዙ" ብሎ ሲደሰት ቆሽቴ ያርራል።

ወሩ ወደ ማለቁ ተጠጋ። ስለ ሥራው አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ምን ወሰንሽ አላለም፣ መቼ ነው አላለም። የት ልታድሪ ነው እንኳ አላለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ከጀርባው ልብስ እተኩሳለሁ። ካውያውን አቆምኩና በስልኬ፣ በመርፌ ስም፣ አደባባዩ ላይ ጻፍኩ። ለእሱ የነገርኩትን ቃል ብዙም አልቀየርኩም። ወደ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው፣ ከዚህ በኋላ እዚህ የምመጣ አይመስለኝም፣ ሁላችሁም ደህና ሁኑ አልኩ። ከዚያ ካውያውን መልሼ አነሳሁና ጀርባውን አየሁ።

አነበበው። እጁ ቀጥ አለ። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። የባሌን ጀርባ ከፊቱ በላይ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዘመን ያየሁት እሱን ነውና። እንደዚያ ጎብጦ አይቼው አላውቅም። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ጓዳ ገባሁ።

"እባክዎ አይሂዱ" ይላል። "ሰው ሲለየን ለምን ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። ይህ ግን ጥያቄ አይደለም፣ ልመና ነው። እርስዎ ከመጡ ወዲህ ይህ ቦታ ሌላ ቦታ ሆኗል። ያስከፋዎት ነገር ካለ ይንገሩንና እናስተካክለው። ጊዜ አንሶዎት ከሆነ በሳምንት አንድ ቃል ይበቃናል። ብቻ አይሂዱ።"

 ያን ያህል ዘመን የጠበቅኩት ቃል ይኸው መጣ፤ ለሌላ ሴት ተጽፎ መጣ። ከጓዳ ወጥቼ ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት።

"ይህን ማን ነው የጻፈው?" አልኩ።

እሱ መሆኑን ነገረኝና ለምን ስልኬ ላይ እንደማነበው ግራ ተጋባ። ለማን እንደጻፈው ጠየቅኩት። ለመርፌ አለ።

"መርፌ እኔ ነኝ።"

ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ላፕቶፑን አየ። የቀለድኩ መሰለው። መጀመሪያ የተሳሳትኩበትን መስመር፣ ያን ጊዜ ያለኝን፣ እኔም የመለስኩለትን አንድ በአንድ ስነግረው ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሰው ሞት እንደተረዳ ሰው ፊቱ ጠቁሮ፣ "እሷ የለችም ማለት ነው?" አለኝ።

"አለች። ፊትህ ቆማለች" አልኩት። ከዚያ በኋላ አላቆምኩም። እኔ እሄዳለሁ ስልህ ጥሩ ነው አልከኝ፣ እሷ እሄዳለሁ ስትልህ ተለማመጥካት አልኩት። ስትቆጣ ልክ ናት ትላለህ፣ እኔ ስቆጣ በር ትዘጋለህ አልኩት። ድምፄ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም፤ ይስማ።

ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር፤ ቃል ሲፈልግ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እሷን መለመን ቀላል ነው" አለ በመጨረሻ። "ብትሄድም ብትቀርም በእኔ ልመና ምንም አይቀርባትም። አንቺን አትሂጂ ብልሽ ግን ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የቀረብሽን እያየሁ መኖር ነው።"

"መቅረትና መሄድ የእኔ ፋንታ ነው" አልኩት። "ያንተ ፋንታ መናገር ብቻ ነበር።"

ላፕቶፑን ዘጋው። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ፣ የጀመረው መልእክት ሳይላክ ነው የዘጋው። ቀና ብሎ አየኝና "አትሂጂ" አለኝ።

የጠበቅኩት ቃል ነበር። አንድ ጊዜ ያደረ ቅናት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። "ለማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

ባሌ ዋሽቶ አያውቅም፣ መዋሸት ባለበት ሰዓትም። ትንሽ አሰበ። "ለሁለታችሁም" አለ።

ልመታው ነበር እጄ የተነሳው። ሳቄ ቀደመኝ። ስለሳቅኩ ደግሞ ተናደድኩና ወደ ካውያዬ ተመለስኩ፤ ሸሚዙ ላይ የካውያው ቅርጽ ታትሞበታል። እሱም ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ስለ ሥራው ይጠይቀኝ ጀመር። ክፍሉ ስንት አልጋ እንዳለው፣ ከእኔ በፊት የነበረችው ለምን እንደለቀቀች፣ የት እንደማድር፣ ምኑ እንደሚያስፈራኝ። እንግዶቹን እንደሚጠይቃቸው አድርጎ ነው የጠየቀኝ፤ እየጠበቀ፣ ሳያቋርጥ። ተናግሬ ስጨርስ ልሄድ እንደወሰንኩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ነው አላለም።

በሳምንቱ መጀመሪያ አደባባዩ ላይ ወጥቶ ለሁሉም ጻፈ። ከእንግዲህ ማታ ማታ እንደማይመልስ፣ የማጽደቁንም ሥልጣን ለብቻው ይዞ መቆየቱ ስህተት እንደነበረ፣ አሁን ግን ከጡረተኛው፣ ከፋርማሲስቷና ከመርፌ ጋር እንደተካፈለው አሳወቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውንም እንደምንም ወደ እንግሊዝኛ መለሰላቸው። ጡረተኛው ሎሚው በየትኛው የፕሮግራሙ ምናሌ ውስጥ እንደሚገባ ጠየቀ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ለባሌ ምስጋና ከቀይ ልብ ጋር ላከች። እኔም በአዲሱ ሥልጣኔ በዚያው ዕለት ያቀረበችውን ሥራ አየሁትና አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳላልፍ ሦስት ጊዜ መለስኩባት።

የሄድኩ ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ ሻንጣውን ከጣሪያው ላይ አሰረው፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ባሌ ከታች እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። በሩ ሲዘጋ፣ ያ ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ አንገቱን ብቻ የሚያነቃንቅ ሰው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ "አትሂጂ" አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ ሰው የቀረ መስሎት ሾፌሩን አስቆመ። መስኮቱን ከፍቼ "እሄዳለሁ" አልኩት።

"እሺ" አለ። "አትሂጂ ግን።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሳቅ ሆኖ ነበር፣ ልሰበስበው ብል አልቻልኩም። አጠገቤ የተቀመጠች ፌስታል በጭኗ የያዘች ሴት ባሌ ከዓይን እስኪጠፋ አየችው። እንዲህ እየለመነሽ ትሄጃለሽ አለችኝ። አዎ አልኳት። የእሷ ባል ስትወጣ እንደተኛ እንደነበረ፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደምትሄድ እንኳ እንዳልጠየቃት ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ መተላለፊያው መለሰች። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት የገዛ መስታወቴ ውስጥ ሳየው ኖሬአለሁ።